ከታች የሚታይ ጉልላት

«ኧረ ቀስ በይ! ጉልላቱ ክንፍ አውጥቶ አይበር!» አለች አክስቷ ከኋላ፤ ግን ማን ሰምቷት። ፌንጣ የሕንፃውን ሰፊ የድንጋይ ደረጃ እየዘለለች በሩ ጋ ደርሳለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ቤተሰቦቿ ናቸው። ዐሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም አልተዉትም፤ እሷም እንዲተዉት የሚያደርግ ነገር አላሳየችም።

ዛሬ ደግሞ ብትዘል አይፈረድባትም። የድሮው የክልል ምክር ቤት ጉልላት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ነው። ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ የተረፈ ፎቶ ነው፤ ወሮቹ ተቀደው ካለቁ ቆይተዋል፣ ፎቶውን ግን ማንም ለማውረድ አልጨከነም። አረንጓዴ ጉልላት፣ ዙሪያውን ጠባብ ሰገነት፣ ሰገነቱ ላይ ደግሞ ነጥብ የምታህል አንዲት ሰው። ፌንጣ ያቺን ነጥብ እያየች ነው ምሳና ራቷን በልታ ያደገችው። አንድ ቀን እዚያ የምቆመው እኔ ነኝ ብላ ከራሷ ጋር ከተስማማች ቆይታለች። አክስቷ ለዕረፍት ወደዚህ ከተማ እወስድሻለሁ ስትላት ሰሞኑን ሁሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

በሩ ላይ ቀጭን፣ ቢራቢሮ ክራቫት ያሰረ አስጎብኚ ተቀበላቸው።

«ዕድለኞች ናችሁ» አለ። «የጉልላቱ ደረጃ ከነገ ጀምሮ ለእድሳት ይዘጋል። መቼ እንደሚከፈት እንኳን እናንተ እኔም አላውቅ።»

ፌንጣ የአክስቷን ልጅ ክንድ ጭምቅ አደረገችው።

«አቦ ልቀቂኝ! እጄን እኮ ቆረጥሽው!»

እኩያዋ ነው። ሰፈር ውስጥ «ፕሮፍ» ይሉታል፤ አላውቅም የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ ስለማታውቅ።

አስጎብኚው ለሁሉም በጫማ ላይ የሚጠለቅ ወፍራም የጨርቅ ሽፋን አደለ። የእንጨቱ ወለል አርጅቷል፣ ባዶ ጫማ አይችልም። «ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ዕቃ አትንኩ። ደንብ ያፈረሰ ሰው ጉልላቱን የሚያየው ከታች ሆኖ ነው።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ጉልበቷን የሚያማት አክስቷ «እኔማ ሳላጠፋም ከታች ነኝ» ብላ ከጉልላቱ ሥር፣ አዳራሹ ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

አስጎብኚው ኮሪደሩ ላይ ስለ ግድግዳው ሥዕሎች ሲያወራ ፌንጣና ፕሮፍ ቀድመው ወደ ጉባኤው ክፍል ሾልከው ገቡ። ማንም የለም። ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል። ፕሮፍ አንድ ጊዜ ወለሉን፣ አንድ ጊዜ የጨርቅ ሽፋኑን አየ፤ ተያዩና ፈገግ አሉ።

ፕሮፍ ተንደርድሮ ሸርተት አለ። ፌንጣም ተከተለችው። እንዴት ደስ ይላል! ሳቋን በመዳፏ አፍና ከወንበር ረድፍ ወደ ወንበር ረድፍ ተንሳፈፈች፣ መሬት የለቀቀች መሰላት። ፕሮፍ ግን መቆም አቃተው፤ ፊት ለፊት ያለውን የአፈ ጉባኤውን ትልቅ ወንበር ለቀም አደረገ። የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማ። በወንበሩ ክንድ ጫፍ ላይ የነበረችው ብርቱካን የምታህል የነሐስ ኳስ እጁ ላይ ቀረች።

«ጉድ ፈላ!» አለች ፌንጣ፣ ክው ብላ።

ፕሮፍ ኳሷን በጥንቃቄ ቦታዋ ላይ መልሶ አስቀመጣት። «ይኸው። ካልነኳት አትወድቅም።»

«ብንናገርስ?»

«አበድሽ እንዴ? ጉልላቱስ?»

ይቺ ጥያቄ አፏን አዘጋቻት።

ወዲያው ጎብኚዎቹ ገቡ። አስጎብኚው ወንበሩ አጠገብ ቆመ። «እዚህ ቤት አንድ ልማድ አለን። ከጉልላቱ ስንወርድ ከሁሉም ትንሹ ጎብኚ እዚህ ይቀመጥና ደወል ይደውላል። ጉባኤው አበቃ ማለት ነው።»

ከሁሉም ትንሿ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ሕፃን ነበረች። በደስታ ተቁነጠነጠች። «ሌላው እጄስ?»

«ሌላው እጅሽ ኳሷን ጭብጥ ያደርጋል። አፈ ጉባኤዎቹ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።»

«ኧረ እሷን ተዋት» አለ አባቷ ኮስተር ብሎ። «እጇ የነካው ሁሉ ይሰበራል። ዛሬ ደግሞ አንድ ነገር ስበሪና እንተያያለን።»

የጉልላቱ በር ሲከፈት ፌንጣ ከሁሉም ፊት ነበረች። ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ፣ ከላይ የሚወርድ ቀዝቃዛ ነፋስ፣ በጣም ሩቅ አንዲት የብርሃን ክብ። ልቧ ደረቷን ይደበድባል። ያቺ ነጥብ፣ ያቺ ቦታ፣ ይኸው!

ከኋላ እጅጌዋን የሚጎትት አለ። ትንሿ ናት።

«ስምሽ ማነው?»

«ፌንጣ ይሉኛል።»

ሕፃኗ ተንከተከተች። ከዚያ ወደ አባቷ ሰረቅ አድርጋ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። «ኳሷን ቀስ ብዬ ነው የምይዛት። ቀስ ካልኩ አትሰበርም፣ አይደል?»

ፌንጣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያሳረፈችውን እግሯን አየች። እግሯን መልሳ አወረደች።

«ጋሼ፣ የወንበሩ ኳስ ተነቅላለች። ስንንሸራተት ነው። እንዲሁ ነው መልሰን ያስቀመጥናት።»

አስጎብኚው ወደ እሷ ዞረ። «ደንቡን ሰምተሻል?»

«ከታች ሆኜ ነው የማየው» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ፕሮፍ ፊቱ ደም መሰለ። እሱም ከሰልፉ ወጣ። «የነቀልኳት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም» አለ አስጎብኚው፤ እጁን ግን የፌንጣ ትከሻ ላይ ለአፍታ አሳረፈ። ከዚያ ሌሎቹን ይዞ ወደ ላይ ወጣ።

አክስቷ የሆነውን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ጉድ እኮ ነው! ማታ ቤት እንነጋገራለን» አለች፤ ወዲያው ደግሞ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«ሼም ነው አቦ» አለ ፕሮፍ። «ለአንቺ ነው ያዘንኩት።»

ፌንጣ ጆሮዋን ወደ ደረጃው ጣለች። የብረቱ ደረጃ ላይ የሰው እግር ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

ድንገት ከላይ፣ ከጉልላቱ ውስጠኛ ሰገነት፣ አንዲት ቀጭን ድምፅ አዳራሹን ሞላችው።

«ፌንጣ! አየሁሽ! ትንሽዬ ሆነሻል! ነጥብ ታክያለሽ!»

ፌንጣ ብድግ አለች። አዳራሹ መሃል ሄዳ ቀና አለች። ጉልላቱ ከውስጥ ሰማያዊ ነበር፤ ፎቶው ይህን ነግሯት አያውቅም። ሰገነቱ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ እጅ ትውለበለባለች።

የአዳራሹ ወለል ድንጋይ ስለሆነ የጨርቅ ሽፋኖቹን አወለቀች። በደንብ እንድትታይ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ባለችበት ዘለለች።