የጎደለችው «እስማማለሁ»

«እንግዲህ የጻፍኩትን ላንብብላችሁ፤» አለች ፊቢ፣ ከፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ።

የተማሪዎችን ስብሰባ ስትመራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ገጠር ባለው፣ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ባቋቋሙት በዚህ አዳሪ ትምህርት ቤት እጅ ተቆጥሮ አይወሰንም። ሰብሳቢው ሁሉንም አዳምጦ፣ ተግባቡበት ያለውን እዚያው ጽፎ ያነብላቸዋል፤ ሁሉም «እስማማለሁ» ካሉ ይፈርምበታል፣ አለቀ። አንድ ሰው እንኳ ካልተዋጠለት ግን ነገሩ ይቆያል። ሰብሳቢው የራሱን ፍላጎት ደጅ ትቶ ይግባ ይባላል። ማለቱስ ይቀላል።

ፊቢ ፍላጎቷን ደጅ አልተወችም። የዕለቱ ጉዳይ የእራት መቀመጫ ነበር። በየስድስት ሳምንቱ የምግብ አዳራሹ በር ላይ ዝርዝር ይለጠፋል፤ ትልቅ ትንሽ፣ ተማሪ አስተማሪ ሳይባል ተቀላቅሎ፣ ስምንት ስምንት ሆኖ ይመደባል። ዘንድሮ ፊቢና ታምሲን አንድም ጊዜ አብረው አልደረሳቸውም። ዘጠነኛ ክፍል ከገቡ ጀምሮ አንድ ክፍል የሚማሩ፣ አንድ ክፍል የሚያድሩ ጓደኛሞች፣ እራት ላይ ሲሆን አንዷ በር ጋ፣ ሌላዋ መስኮት ጋ። «ሁሉም ከፈለገው ጋር ይቀመጥ» የሚለውን ሐሳብ ያረቀቀችው ፊቢ ናት፣ አልጋዋ ላይ ተጋድማ። ታምሲንም «ኧረ ምደባው ይቅርልን፣ እኔም ሰልችቶኛል» ብላታለች።

«ከመጪው ወር ጀምሮ ማንኛውም ተማሪ እራት ላይ የሚቀመጥበትን ራሱ እንዲመርጥ ተስማምተናል፤» ብላ አነበበች።

«እስማማለሁ፤» አለ ዴዝሞንድ ከሁሉ ቀድሞ። ልጁ ርቦታል፣ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። «እስማማለሁ»፣ «እስማማለሁ» እየተባለ ካንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ተዛመተ። ፊቢ ፈገግታዋን አፍና ታምሲንን ፈለገቻት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። አፏ አልተንቀሳቀሰም። አንገቷን ደፍታ አውራ ጣቷን ትፍቃለች።

ፊቢ ያንን አውራ ጣት ታውቀዋለች። ታምሲን ልቧ ሳይፈቅድ እሺ ባለች ቁጥር የምታሠቃየው እሱን ነው።

«ፈርሚያ፣ ሰብሳቢ፤» አለ ዴዝሞንድ። ሳቁ።

መፈረም ትችል ነበር። ስድሳ ተማሪ ካለበት አንዲት «እስማማለሁ» መጉደሏን ማን ያውቃል? ሰብሳቢዎችን የምታማክረው አስተማሪ ኦገስታ እንኳ ከኋላ ተቀምጣ ሹራቧን እየሠራች ቀና አላለችም። ደግሞ «ታምሲን፣ አንቺስ?» ብትላትም ይሆናል። ሁሉም ዞሮ ያያታል፣ ታምሲን ቲማቲም ትመስላለች፣ ከዚያ «እስማማለሁ» ትላለች። በሚቀጥለው ወር ሁለቱ ጎን ለጎን ይበላሉ፤ ማንም ምንም አይልም። ፊቢን ያስጠላት ይኸው ቅለቱ ነው።

«እስቲ ትንሽ ዝም እንበል፤» አለች።

ዝምታ ለእነዚህ ልጆች ብርቅ አይደለም፤ በየሳምንቱ ተሰብስበው ዝም ብለው ይጸልያሉ፤ ወዲያው ረጭ አሉ። የማሞቂያው ቧንቧ ብቻ ይንኳኳል። ፊቢ ግን ንድድ ብላለች። ታዲያ ለምን ዋሸችኝ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳወራላት ምናለ አንድ ቀን እንኳ ብትነግረኝ? ብስጭቷ እስኪበርድ ጠበቀች፤ በደንብ አልበረደም። ያም ሆኖ እስክሪብቶዋን አንስታ የጻፈችውን ሰረዘችው።

«አንድ ሐሳብ ላይ አልደረስንም፤» አለች።

«እንዴት? ማነው የተቃወመው?» አለ ዴዝሞንድ። «እኔ የሰማሁት ተቃዋሚ የለም።»

«እኔም አልሰማሁም። ግን ሁሉም ሲስማማም አልሰማሁም። የምጽፈው የሰማሁትን ነው።»

«አሁንስ አበዛችው፤» አለች አንዷ ከኋላ፣ እንድትሰማ አድርጋ። የፊቢ ጆሮ ጋለ። አዲሱን ቃለ ጉባኤ ቆማ አነበበች፤ «በእራት መቀመጫ ጉዳይ አንድ ሐሳብ ላይ አልደረስንም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንመለስበታለን።» እያጉረመረሙ ተስማሙ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የታምሲን «እስማማለሁ» ነበር። እንደ ደንቡ በየተቀመጡበት ተጨባብጠው ተነሡ።

ወደ ምግብ አዳራሹ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በረዶው እግሯን እያንሸራተታት ታምሲን ደረሰችባት።

«አየሽኝ አይደል?»

«አውራ ጣትሽን ልትጨርሺው ነበር።»

«ልነግርሽ ነበር። እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው።»

«ከእኔ ጋር መቀመጥ አትፈልጊም ማለት ነው?» ፊቢ ቀለል አድርጋ ልትለው ነበር፤ አልሆነላትም።

«ፊቢ፣ ካንቺ ጋር አይደል እንዴ ውዬ የማድረው?» ታምሲን እጆቿን ኪሷ ከተተች። «እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን እኔ ነኝ የማወራው። ቀልድ ሁሉ እቀልዳለሁ፣ ይስቁልኛል። አንቺ ካለሽ የምታወሪው አንቺ ነሽ። በክፋት አይደለም፤ አውቃለሁ።»

ፊቢን ከፋት፤ እውነት ስለሆነ ነው የከፋት።

«በሚቀጥለው ስብሰባ ይሄንኑ ተናገሪው፤» አለች። «እኔ አፌን ይዤ አዳምጥሻለሁ።»

«አንቺ? አፍሽን ይዘሽ?» ታምሲን በሳቅ ፈነዳች። ፊቢም ሳቀች፣ መጀመሪያ እንደ ነገሩ፣ ቀጥሎ ከልቧ።

እራቱ የተጠበሰ ዶሮና የተፈጨ ድንች ነበር። ገና ሳህኑ ዞሮ ሳያልቅ ከመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ በሳቅ ተናወጠ። ታምሲን ማንኪያ ይዛ ቆማ የሆነ ሰው እያስመሰለች ነው። ፊቢ እንዲህ ስትሆን አይታት አታውቅም። ቅናት ቢጤ ወጋት፤ ደስም አላት።

ፊቷን መለሰችና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። አጠገቧ የተቀመጠው ዌንዴል ነው፣ ሽማግሌው የጂኦሜትሪ አስተማሪ።

«ዌንዴል፣» አለችው፣ በዚህ ትምህርት ቤት ሁሉም ሰው በስሙ ብቻ ነው የሚጠራው፤ «አስተማሪ ከመሆንህ በፊት ምን ነበር የምትሠራው?»

ዌንዴል አፉ ሙሉ ነበር። ቆይ፣ አላት በጣቱ። ፊቢ ሹካዋን አስቀምጣ ጠበቀችው።