ቀስቷ ሦስተኛው ስክሪን ላይ ነበረች

«ፋዘርን ከሥራ አገዱት» አለች ጓደኛዋ፣ ደብተሯን ገልጣ ሳታነበው። «ማሽን አይዋሽም አሉት።»

ሚጣ ክው አለች። የሁለቱ ልጆች አባቶች በከተማው ውሃ መቆጣጠሪያ ክፍል በፈረቃ ይቀያየራሉ። ማሽን አለመዋሸቱስ እውነት ነው፤ ሰው ካስዋሸው ግን መች ያቅተዋል።

ሐሙስ ጠዋት አባቷ የረሳውን መነጽር ልትሰጠው ሄዳ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አራት ስክሪኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። አራቱም የሚታዘዙት በአንድ ማውስና በአንድ ኪቦርድ ነው፤ ትእዛዙ የሚሄደውም የማውሷ ቀስት ወዳለችበት ስክሪን ነው። አባቷ ለጽዳት ትንሹን መስመር ሊዘጋ ሁለተኛው ላይ አፍጥጦ ቁልፉን ተጫነ። ቀስቷ ግን ሦስተኛው ላይ ነበረች። ፓምፑ እየገፋ ዋናው መስመር ተዘጋና ቧንቧው ፈነዳ። መነጽሩ ያኔም በሚጣ እጅ ነበር።

የኮምፒውተሩ መዝገብ ላይ የወጣው የጓደኛዋ አባት ስም ነው። ሰውየው የታመመች እናቱን ሐኪም ቤት ሊያደርስ ስለቸኮለ፣ የሚጣ አባት ፈረቃው ሳያልቅ በውለታ ተክቶት ነበር። ዘግቶ በሌላ ስም ለመክፈት ስክሪኖቹ እንደገና እስኪገናኙ ሩብ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ የሚወጣው ሰው በስሙ የከፈተውን ሳይዘጋ ይሄዳል። ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አለቆቹ ሲጠይቁት አባቷ «እኔ የገባሁት በሰዓቱ፣ ቧንቧው ከፈነዳ በኋላ ነው» አለ።

ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። ያየችውን ሁሉ ነገረችው። ቀና ብሎ አላያትም።

«አፍሽን ያዢ፣ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ ብባረር ማን ይቀጥረኛል?»

«እሱስ?»

«እሱ ገና ወጣት ነው። ይችለዋል።»

ሐሙስ ዕለት እንኳ እንዲህ አላስጠላትም። የባሰ ያናደዳት ግን አሁንም የምትወደው መሆኑ ነው። ሸሚዙን አጣጥፎ እስኪጨርስ ቆማ አየችው።

በማግስቱ ጠዋት አብረው ወጡ። የትምህርት ቤቱ መንገድ በግራ የሚታጠፍበት መገንጠያ ላይ እንደ ወትሮው ሊሰናበታት ቆመ። ሚጣ አልታጠፈችም።

«አይረፍድብሽም?» አላት።

«ይርፈድ» አለችና ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ቀደመችው።