ከጃላንዳር የመጣው የዱላ ነጋዴ

ሐርፓልን ያወቅሁት በዱላ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

በፈረንጆቹ 1996፣ የካቲት ላይ፣ እዚሁ ጀርመን ኦስትኤንድ በሚባል ሰፈር አንድ ቢሮ ጸሐፊ ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ወለሉ ጫፋቸው በተቆለመመ ዱላዎች ተሞልቷል። ሰማያዊ ጥምጥም ያሰረ ረጅም ወጣት መካከላቸው ተንበርክኮ ካርቶን ይፈታል።

«እነዚህ የገና ዱላዎች ናቸው?» አልኩ ሳላስበው።

«ምን ገና?»

«እኛ አገር በገና በዓል የምንጫወተው። እንዲህ ባለ ዱላ ነው ሩር የሚመታው።»

«ይኼስ ሆኪ ነው» አለ ዓይኑን ከፊቴ ሳያነሳ። «ሥራ መቼ መጀመር ይችላሉ?»

ሐርፓል ሲንግ ህንድ ውስጥ ጃላንዳር በምትባል ከተማ ላለው የአጎቱ ፋብሪካ ወኪል ነበር። የእሱ ሥራ ለጀርመን ክለቦች የሆኪ ዱላ መሸጥ፣ የእኔ ሥራ ደግሞ ዱላው ለምን እንዳልደረሰ ማስረዳት ሆነ። ጧት ፋክስ ስንልክ ጃላንዳር መብራት ይጠፋል። መብራቱ ሲመጣ ስልኩ ይበላሻል። ዕቃው ሲገባ ጉምሩክ ዋናውን ወረቀት ከነማኅተሙ ይጠይቃል፤ ዋናው ወረቀት ደግሞ ገና ፖስታ ላይ ነው። ለሚያዝያ የታዘዘው ነሐሴ ላይ ይደርሳል።

«አቶ ሲንግ፣ ለሚያዝያ ያዘዘው ክለብ ደውሎ ተቆጣ።»

«እርስዎ ምን አሏቸው?»

«ዱላው መርከብ ላይ ነው አልኳቸው።»

«እውነት መርከብ ላይ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? የነገሩኝ እርስዎ አይደሉ?»

ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ከዚያ ቀን በኋላ አንቱ መባባሉ ቀረ።

እሁድ እሁድ ከአገሩ ልጆች ጋር ሆኪ ይጫወታል። ይጫወታል ማለቴ ሜዳ ሲያገኝ ነው። ያመለክታሉ፣ ቴርሚን የሚሉት ቀጠሮ ይሰጣቸዋል፤ ሲሄዱ ጠባቂው በሩን ቆልፎ ፎርሙ ላይ አንድ ፊርማ ጎድሏል ይላቸዋል። አንድ እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቀርቼ ላየው ሄድኩ። ቡድኑ በሙሉ ዱላውን ይዞ በተቆለፈው በር ፊት ዝናብ ይመታዋል፤ ሐርፓል ከጠባቂው ጋር ተጨቃጭቆ ፊቱ ቀልቷል።

«እኛ ጋ ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ይባላል» አልኩት።

«እኔ መች ተጫወትኩና?»

አጥሩን ተደግፈን ቆምን። ዝናቡ ከጥምጥሙ በአፍንጫው ላይ ይወርዳል፤ እሱ ግን እኔን ያያል። ያን ጊዜ ወደድኩት። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። እናቴ መሠረት ከጉባኤያችን ጨዋ ወንድም እንዲገጥመኝ ስትጸልይ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጸሎቷን ላበላሽባት አልደፈርኩም።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ሁለት ትልልቅ ክለቦች መዘግየቱ ሰልችቷቸው ትእዛዛቸውን ሰረዙ። አጎቱ፣ መብራቱን ያጠፋው ሐርፓል ይመስል፣ «ሥራውን ለልጄ አስረክብና ተመለስ» ብሎ ጻፈ። የመኖሪያ ፈቃዱ ደግሞ የተሰጠው በዚሁ ሥራ ነው።

ሐርፓል ደብዳቤውን አጥፎ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

«ሚልካ፣ አንቺ ካልሽ እምቢ እለዋለሁ። ሌላ ሥራ ፈልጌ ለፈቃዱም እታገላለሁ። ታገቢኛለሽ?»

ሌላ ጊዜ አዎ ለማለት በጀርመንኛ «ያ» ነው የምለው። ያን ቀን ግን ልቤ ሞልቶ ጀርመንኛው ጠፋኝ። አገር ቤት እንደምናደርገው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እህ» አልኩት። ከዚህ የበለጠ እሺታ አላውቅም።

ፊቱ ተለወጠ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ፤ «መናገር አልነበረብኝም።» ኮቱን አንስቶ ወጣ። በማግስቱም ለአጎቱ እሺ፣ እመጣለሁ ብሎ ደወለ።

ሦስት ሳምንት ከሥራ ውጭ ቃል አልተናገረኝም። እኔም ተናደድኩ። ጠይቆ የሚጸጸት ሰው ምን ይባላል? ደግሜ አልለምነውም ብዬ አፌን ዘጋሁ፤ ወደ ቤት ስመለስ ግን ባቡር ውስጥ አለቅስ ነበር።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴን ሊሰናበት ኖርድቬስትሽታት የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጣ። እናቴ የምታውቀው አሠሪዬ መሆኑን ብቻ ነው። ሻይ እንደቀዳችለት ስልክ ተደወለ፤ አያልነሽ የምትባል የጉባኤያችን እህት ናት። አያልነሽ ከጀመረች አታቆምም፤ እናቴም በየመሐሉ ትንፋሿን እየሳበች «እህ፣ እህ» ትላታለች።

ሐርፓል ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «እናትሽ ደረታቸውን ያማቸዋል እንዴ? ሐኪም ልጥራ?»

«ምንም አላመማትም። የምትባለውን እየተቀበለች ነው።»

«እንዲህ እየተነፈሱ?»

«አዎ ማለት ነው። እኛ ጋ እንዲህ ነው።»

ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ታዲያ ያን ቀን፣ ቢሮ ውስጥ…» አለ።

«ምን መስሎህ ነበር?»

«ያስደነገጥኩሽ።»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። «እሺ ነበር ያልኩህ» አልኩት።

«ሥራውን እኮ አስረክቤያለሁ። ፈቃዴም ከነገ ወዲያ ያበቃል።»

«ሂድና ለእናትህ ነግረህ፣ የጋብቻ ቪዛ አውጥተህ ተመለስ። እኔም ለእናቴ አሁን እነግራታለሁ።»

እናቴ ስልኩን ዘግታ መጣችና «ምን ሆናችሁ?» አለች።

«እማዬ፣ እወደዋለሁ። አግቢኝ ብሎኝ እሺ ብዬዋለሁ።» አልኳት።

እናቴ ተቀመጠች። ጥምጥሙን አየች፣ ጫማውን አየች፣ እኔን አየች።

«የጸሎቴ መልስ ይኼ ነው?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አላውቅም እማዬ። ያለ እሱ ግን አልችልም።»

«አገሩ ሊሄድ አይደል? ሄዶ የቀረ ስንት አለ።» ወደ እሱ ዞረችና በተሰባበረ ጀርመንኛዋ «አንተ፣ ትመለሳለህ?» አለችው።

ሐርፓል ዓይን ዓይኗን እያየ ጭንቅላቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዝወዝ አደረገ።

«ይኸው፣ አልመለስም አለ» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ደግነቱ አይዋሽም።»

«እማዬ፣ እነሱ ጋ እንደሱ ማድረግ አዎ ማለት ነው። ወደ ሁለት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ አውቃለሁ።»

«ጭንቅላት እየወዘወዙ?»

«አዎ።»

ሻሿን አስተካከለች። «እንግዲያውስ በአፉ ይንገረኝ» አለች። «ልጄን በአንገት አልሰጥም።»

ተረጎምኩለት። ሐርፓል ከወንበሩ ተነሣና «እመለሳለሁ» በአማርኛ እንዴት እንደሚባል ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሦስት ጊዜ ተሳስቶ በአራተኛው አወጣው። እናቴ ሦስቱንም ጊዜ አልረዳችውም፤ እጇን አጣምራ ጠበቀችው።

በመጋቢት ሲመለስ ግን አውሮፕላን ማረፊያው ከእኔ ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት።