ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ክፍል

ማመን ያልፈለገ ይተወው። እኔ ምዬ ተገዝቼ አላሳምንም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው... ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

ሥራዬ ሰው ቤት ትልልቅ ስክሪንና ፕሮጀክተር መግጠም ነው። የአናጺውን ሥራ የሚይዝልኝ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጋሼ እለዋለሁ።

ደንበኛችን የጥርስ ሐኪም ናት፤ ብቻዋን ትኖራለች።

«ፕሮጀክተሩ ከፊት፣ ጣሪያው ላይ ይሰቀል» ብዬ ለመንኳት። «ይረክሳል፣ ቦታም አይበላም። ከኋላ ካሉ ግን ሳሎንዎ ለሁለት ይከፈላል። ከስክሪኑ ጀርባ ጨለማ ክፍል ይፈልጋል።»

«ይከፈል» አለች። «ከፊት ሲሆን ሰው ባለፈ ቁጥር ጥላው ይወድቅበታል። እኔ እዚህ ቤት ጥላ ማየት አልፈልግም።»

የሀብታም ቅብጠት ነው ብዬ ሳቅኩ። ሞኝ!

በመጨረሻው ቀን እሷ ሥራ ሄዳለች። ፕሮጀክተሩን ስናበራው ጽሑፉ ሁሉ ተገልብጦ መጣ። ከኋላ ሲበራ ምስሉ ግራና ቀኙ መገልበጥ አለበት... ረስቼዋለሁ። ስልኬን ሶፋው ላይ ጥዬ ወደ ኋላ ገባሁ።

በሩ ጠቅ ብሎ ተዘጋ።

ከውስጥ እጀታ የለውም። ጋሼ ብርሃን እንዳይገባ ብሎ የገጠመለት ከውጭ ብቻ ነው።

ክፍሉ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ አንድ አልጋ የሚሞላው ነው። ተንበርክኬ ማስተካከል ጀመርኩ።

«ዞር በል እንጂ! ጥላህ ስክሪኑ ላይ ነው» አለኝ ጋሼ ከወዲያ።

«እኔ እኮ መሬት ላይ ነኝ።»

«ባክህ አትቀልድ። ተገትረህ እያየሁህ...»

ቀና አልኩ።

ስክሪኑ ላይ የቆመ ሰው ጥላ አለ። በመብራቱና በስክሪኑ መካከል ግን... ማንም የለም። ቁመቱ የእኔ ነው። ትከሻውም የእኔ።



«ጋሼ...» አልኩ በሹክሹክታ። «በሩን ክፈትልኝ...»

ጥላው ወደ በሩ ሄደ። በሩ ተከፈተ። ዘልዬ ስደርስ ተዘግቷል።

«እሰይ፣ ወጣህ!» አለ ጋሼ። «ና፣ ለማስታወሻ ፎቶ እንነሳ።»

«ጋሼ! እኔ እዚህ ነኝ!»

ስክሪኑ ጣት የሚያህል ወፍራም ፕላስቲክ ነው። በሁለት እጄ ደበደብኩት። ቅድም የሚሰማኝ ሰው አሁን ጆሮ ዳባ ልበስ!

«በል ቤትህ ላድርስህ፤ ልጅቷ በር በሩን እያየች ነው» ሲል ሰማሁት።

ልጄ! አምስት ዓመቷ ነው። «አባዬ መጣ» ካሏት በሩን ብርግድ ታደርገዋለች። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሐኪሟ መጥታ ከፈተችልኝ። ምን ሆንክ አላለችኝም። መጀመሪያ ያየችው እግሬ ሥር፣ ጥላዬን ነው።

ስልኬን ከሶፋው ላይ አንስቼ እግሬ አውጪኝ ብዬ ቤቴ ደረስኩ። ልጄ ደህና ናት። እቅፍ አድርጌ አለቀስኩ። ሚስቴ «ማንም አልመጣም» አለች። ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«በርህ ላይ አውርጄህ የለ እንዴ?» አለና ፎቶውን ላከልኝ።

ሁለታችን ስክሪኑ ፊት ቆመን እንስቃለን። የጋሼ ሰዓት እንደ ወትሮው ግራ እጁ ላይ ነው። የእኔ የቀኝ ጉንጭ ጠባሳ ግን... ግራዬ ላይ ነው።

ከኋላችን፣ ስክሪኑ ላይ፣ በሁለት እጁ የሚደበድብ ጥላ አለ።

ልጄ ስልኩን አየችና እኔን የመሰለውን ሰውዬ በጣቷ ነካች።

«ይሄ ነው» አለች። «ቅድም በመስኮት ነይ ነይ ያለኝ።»