ኳስ ሆኖ የከረመው ፊኛ

የክፍሉ በር ሲከፈት ደራርቱ ብርጭቆውን ከኋላዋ ሸጎጠችው። ግን የገባችው ገለቴ አይታታለች፤ ከባልዲው እየቀዳች በቱቦው ስትጨምር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

በባልዲው ውስጥ ያለው ከቆዳ ፋብሪካው በታች ከወንዙ የተቀዳ ውሃ ነው፤ አፍንጫ ሳይዙ አይጠጉትም። የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ሙከራም በእሱ ነው። የበግ ፊኛ፣ አዎ፣ ሽንቱ የሚጠራቀምበት፣ በስኳር ውሃ ይሞላና አፉ ላይ ቱቦ ታስሮበት በዚያ ግማታም ውሃ ውስጥ ይነከራል። መምህር ዓባይነህ እንዳስተማሩት ስኳሩ ውሃውን በፊኛው በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ቆሻሻው ውጭ ይቀራል። በቱቦው ሽቅብ የሚወጣው ንጹህ ውሃ ነው። ዛሬ ደግሞ የወላጆች ቀን ነው፤ ግማሽ ሰበታ ሊያየው ይመጣል።

«ፈሶ አደረ» አለች ደራርቱ። «ቀዳዳ አለው። በክር ቋጠርኩትና ሞላሁት።»

«በዚህ ውሃ?»

«በነጠላዬ አጥልዬዋለሁ። ስኳርም ጨምሬበታለሁ። ማን ያውቃል?»

ገለቴ ወደ ፊኛው ጎንበስ አለች። «ቀዳዳው ከየት መጣ?»

«እሱን እንኳ አንቺ ንገሪኝ። ወንድሞችሽ ከፋሲካ ጀምሮ ነፍተው ሲለጉት የከረሙትን ፊኛ ‹ትናንት የታረደ በግ ነው› ብላ ለመምህር የሰጠችው ማናት?»

ገለቴ በሩን መልሳ ዘጋችው።

ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። መምህር ዓባይነህ ከረባት አስረው መጥተዋል። ቱቦውን እያሳዩ ሲያስረዱ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ኦቦ ቀጄላ፣ ብድግ አሉ። አምና ሁለት ጥጆቻቸው ከዚያ ወንዝ ጠጥተው ሞተውባቸዋል።

«እስቲ እኔ ልቅመሰው።»

ማንም ጠጡ አላላቸውም ነበር። መምህሩ ግን ፊታቸው በራ፤ ቱቦውን ዘንበል አድርገው ግማሽ ብርጭቆ ቀዱላቸው።



«ሄደሽ ተደናቀፊና ድፊው» አለች ደራርቱ በገለቴ ጆሮ። «በቃ፣ ያልቃል።»

እውነትም ያልቃል። ማንም አይጠጣ፣ ማንም አይዋረድ። ገለቴ ተነሳች።

ኦቦ ቀጄላ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል። «ልጆቹ የሚጫወቱበት ፊኛ እኛ ቤት ሞልቷል» አሉ። «ነገውኑ እሠራዋለሁ። ለጥጆቹም ለልጆቹም።»

ለመደናቀፍ የተዘጋጀው እግሯ ቀጥ ብሎ ቆመ። ብርጭቆውን ከሽማግሌው እጅ በሁለት እጇ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

«አይጠጡት፣ ኦቦ ቀጄላ። የወንዙ ውሃ ነው።»

 መምህር ዓባይነህ ቱቦውን አዩ፤ ከዚያ እሷን። «ማን ነው የጨመረበት?»

ደራርቱ ወለሉን ታያለች።

«በፊኛው ልጀምር፣ መምህር» አለች ገለቴ። «እሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»