ለቀብሩ የተጨመረ ሳቅ

ወንዳፍራሽ ሱሉልታ በሚገኘው ቤቱ፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ሥር በደም ተነክሮ ተገኘ። የማገዶ መጥረቢያው ጀርባ አፉ ላይ ደጋግሞ አርፏል፤ መንጋጋው ደቅቋል፣ ጥርሶቹ ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ሰዎች የጻፉትን ልብ ወለድ እየተቀበለ ቀልድ የሚጨምርበት፣ አንባቢን በሳቅ ፍርስ የሚያደርግ አርታኢ ነበር። አሁን ፊቱን ያየ ፖሊስ ሁሉ ዘወር ብሎ ግቢ ይወጣል።

ኢንስፔክተር ተስፋነሽ ግን ሬሳው ላይ አጎንብሳ ቆየች።

«ሌባ ቢሆን አናቱን ብሎት ይሄድ ነበር፤» አለች። «የገደለው ሰው ጠቡ ከአፉ ጋር ነው።»

የአካባቢው ፖሊሶች ልብስ ላይ ደም ካዩ ምርመራው አለቀ ብለው እፎይ የሚሉ ዓይነት ናቸው። ሬሳውን ያገኘችውን ቤተልሄምን አስረዋታል። ወንዳፍራሽ ጽሑፍ ያስተምራት ነበር፤ በቅርቡ በሰው ፊት አዋርዷታል።

«ላነሳው ስሞክር ነው ደሙ የነካኝ፤» አለች፣ በካቴና የታሰረ እጇን ወደ ኢንስፔክተሯ ዘርግታ። «ዕድሜ ልክ ይፈርዱብኛል አይደል?»

«ካልገደልሽ አይፈርዱብሽም። የወንዳፍራሽን አሠራር ንገሪኝ።»

«ቀልድ ሲጨምር መጀመሪያ ለሰው ያነበዋል። ሰውየው ካልሳቀ እዚያው ይሰርዘዋል፤ ከሳቀ የገጹ ዳር ላይ ቀይ ምልክት ያደርጋል። ሳቅ ሳይሰማ ምልክት አያደርግም።»

ጠረጴዛው ላይ የነበረው ገጽ የጋሽ እውነቱ ነው። እኚህ የቡራዩ ጡረተኛ መምህር የሞተ ልጃቸውን ታሪክ ጽፈው ሰጥተውት ነበር። ወንዳፍራሽ የልጁ ቀብር በተተረከበት መካከል በእጅ ጽሑፉ አንድ ቀልድ ጨምሯል፤ ዳሩ ላይ ቀይ ምልክት አለ፣ በምልክቱ ላይ ደም ተረጭቷል። ገዳዩ የመታው ሳቅ ከተሰማ በኋላ ነው ማለት ነው።

ጋሽ እውነቱ ተጠርተው መጡ። የሳቸው መጽሐፍ ስለዘገየበት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ የከረመው አሳታሚው ከማልም ከሰበታ ደረሰ።

«እኔ በስልክ እንጂ በአካል አላገኘሁትም፤» አለ ከማል።

«እኔም ካስረከብኩት ወዲህ አላየሁትም፤» አሉ ሽማግሌው። «ምን እንደጨመረበትም አላውቅ።»

ተስፋነሽ ቤተልሄምን ጨምራ ሦስቱን ጠረጴዛው ያለበት ክፍል አስቀምጣ ገጹን ታነብላቸው ጀመር። ልጁ ሲሞት አነበበች፤ ጋሽ እውነቱ አንገታቸውን ደፍተው ረጋ ብለው አዳመጡ። እናቲቱ ፊቷን ስትነጭ አነበበች፤ አልተነቃነቁም። «አራት ሰዎች ሳጥኑን አነሱ፤» ስትል ግን ሁለት ጆሮዎቻቸውን በመዳፋቸው ደፈኑ።

ወረቀቱን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ያነበብኩት ሁሉ የእርስዎ ጽሑፍ ነው። የወንዳፍራሽ ቀልድ ጋ ገና አልደረስኩም። የልጅዎን ሞት ችለው ሰሙ፤ ሳጥኑ ሲነሳ ጆሮዎን ደፈኑ። ቀልዱ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ነው ያለው። ካልሰሙት ምን እንደሚመጣ በምን አወቁ?»

«ኢንስፔክተር፣ አባት እኮ ናቸው፤» አለ ከማል። «ምልክቱ ሰው ስቋል ይላል። በልጁ ቀብር ማን ይስቃል?»

«እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው። መልሱን እሳቸው ያውቁታል።»

ጋሽ እውነቱ እጃቸውን አወረዱ።

«ሦስቱ ተሸካሚዎች ረጃጅም ናቸው። አራተኛው አጭር ነው፤ ከሳጥኑ ተንጠልጥሎ መቃብር ድረስ ይሄዳል። ሲወርድ ‹ደከመኝ፣ ተረኛ አምጡ› ይላል።»

ቤተልሄም ሳቋን ለማፈን በታሰረ እጇ አፏን ያዘች።

«በልጄ ቀብር ላይ ቀልድ መጨመሩን ሰምቼ ልሰድበው ነበር የመጣሁት፤ ሲያነብልኝ ሳቄ አመለጠኝ፤» አሉ ሽማግሌው። «ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ስቄ አላውቅም። እሱም ደስ ብሎት ‹አዩ ጋሼ!› እያለ ምልክቱን አደረገ። መጥረቢያውን አነሳሁ። የሱን አፍ ስመታ የኔ ሳቅ የሚቆም መስሎኝ ነበር፤ እየመታሁትም እስቅ ነበር።»

ተስፋነሽ የቤተልሄምን ካቴና ፈትታ ለሳቸው አጠለቀችላቸው። ጋሽ እውነቱ እጃቸውን ራሳቸው ዘርግተው ሰጧት።

«ልጄን በምን አፌ ይቅር በለኝ እለዋለሁ?» አሉ።