የአቶ ማስት የስሜት ካርዶች

የእንግሊዝኛው መምህር ከልብስ መስቀያው ሥር ወድቀው፣ ከመስኮቱ በተነቀለ መጋረጃ ተሸፍነዋል። መርማሪዋ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ሲከቱ፣ ነርሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። መስኮቱ በብረት የታጠረ ነው። በአፍ የሚሳበው የመምህሩ የአስም ፓፍ ደግሞ የተገኘው እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ከእሷ ጋር የተቆለፈባቸው ሹፌሩ፣ ልብስ ሰፊዋና የትምህርት ቤቱ ባለቤት ናቸው። ሦስቱ ተማሪዎች፣ ነርሷ፣ ሹፌሩና ልብስ ሰፊዋ፣ መምህሩን በስማቸው አይጠሯቸውም፤ ከአፋቸው በማይጠፋው የእንግሊዝኛ ቃል «አቶ ማስት» ይሏቸው ነበር። ባለቤቱ ክፍል ገብተው የተቀመጡት ዛሬ ገና ነው።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገሩኝ፤» አሉ መርማሪዋ።

«ጨዋታ አለችን፤» አለ ሹፌሩ። «አቶ ማስት ከሳጥኑ ካርድ ይመዛሉ። ደስታ፣ ፍርሃት፣ ብስጭት፣ ምናምን ተጽፎበታል። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ይደፉና ያን ስሜት ያለ ቃል ያሳዩናል። እኛ በእንግሊዝኛ እንገምታለን።»

«ዛሬስ?»

«ሰሌዳውን አጠፉ። ከዚያ መስቀያው ጋ ሄደው ጃኬታቸውን አገላበጡ፣ ደረታቸውን ያዙ። ‹ሂ ማስት ቢ ዎሪድ›፣ ተጨንቀው መሆን አለበት አልኩ። ቁልፍ የጠፋበት ሰው መስለውኝ። አፈር በበላሁ!»

«እኔ ተናደው ይሆናል አልኩ፤» አሉ ልብስ ሰፊዋ እንባቸውን እየጠረጉ። «እንዴት እንደሳቅን! አስም እንዳለባቸው ማን ነገረን? ሰሌዳ ባጠፉ ቁጥር ጃኬታቸውን ይዘው ወጣ ሲሉ፣ ሲጋራ አምሯቸው ነው ብለን እናማቸው ነበር።»

«አንቺስ ምን ገመትሽ?»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። «ትዝ አይለኝም።»

«ምን ትዝ ይላታል!» አሉ ባለቤቱ። «ነርስ ሆና የታፈነ ሰው አታውቅም? ነገሩ ፍጥጥ ያለ ነው።»

ግድግዳዎቹ የተጠጉባት መሰላት። ቤት የምትጠብቃት ሕፃን ልጅ አለቻት። ዛሬ እሷ ከታሰረች ማን ያቅፋታል?

መርማሪዋ መስቀያውን ቀና ብለው አዩ። የመምህሩ ጃኬትና የነርሷ ቦርሳ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ የባለቤቱ ወንበር ከሥራቸው ነው።

«ቦርሳሽን ሰቅለሽ የት ተቀመጥሽ?»

«መስኮቱ ጋ።»

«አልተነሳችም፤» አለ ሹፌሩ። «ከፊቴ ነበረች።»

መርማሪዋ የካርዶቹን ሳጥን አንስተው ለሁሉም አሳዩ። «በላስቲክ እንደታሰረ ነው። ጠረጴዛው ላይም የተደፋ ካርድ የለም። ካርድ ካልተመዘዘ ጨዋታው አልተጀመረም ማለት ነው። ታዲያ ተጀምሯል ያላችሁ ማን ነው?»

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ወደ ባለቤቱ ዞረ። «እርስዎ ነዎት! ‹ጀመሩ፣ ገምቱ!› ብለው አጨበጨቡ።»

«እኔም መስሎኝ ነዋ!»

«አስሙን ከቀጠሯቸው ከእርስዎ በቀር እዚህ ያወቀ የለም፤» አሉ መርማሪዋ። «የጠመኔው ብናኝ እንደሚያስነሳባቸውም ያውቃሉ። ፓፉን ከጃኬቱ ወስደው አጠገቡ ያለው ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። ሰውየው አጠገብዎ ሲታፈኑ፣ የሚደርስላቸው እንዳይኖር ሰዉን ጨዋታ አስያዙት።»

ባለቤቱ ፈነዱ። «ጥሎኝ ሊሄድ ነበር! የራሱን ትምህርት ቤት ሊከፍት! ተማሪው ሁሉ ተከትሎት ሲወጣ እኔ ከባዶ ወንበር ጋር ልቅር?»

በሩ ተከፍቶ ፖሊሶች ወሰዷቸው። ሹፌሩና ልብስ ሰፊዋም ወጡ። ነርሷ ግን ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

«‹ሂ ሜይ ቢ ሃፒ›፣ ደስ ብሏቸው ይሆናል ነው ያልኩት፤» አለች። «አፋቸውን ሲከፍቱ የሳቁ መሰለኝ። እኔም ሳቅሁ። ነርስ ነኝ እኮ! ጠጋ ብዬ ባያቸው ኖሮ ላድናቸው እችል ነበር?»

መርማሪዋ ሊያጽናኗት ፈለጉ፤ መዋሸት ግን አልሆነላቸውም።

«ትችዪ ነበር፤» አሉ። «ባለቤቱም ይህን ስላወቀ ነው ያሳቀሽ።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ልጇም እየጠበቀቻት ነው። ነርሷ ተነሳች፤ ግን ተመልሳ ተቀመጠች።